አገር ወስዶ መልሱን ስለማይሰጥ እንቆቅልሽ

በሀገራችን ልጆች ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው የሚጫወቱት የእንቆቅልሽ ጨዋታ የጸና ሕግ አለው። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። ጥያቄው ከቀረበ በኋላ ተጠያቂው አስቦ አስቦ ያቃተው እንደ ሆነ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እርሱም ጎንደርን ወይም ሐረርን ወይም ጠያቂው እሺ የሚለውን ሌላ አገር ይሰጣል። አገሩን የተቀበለው ግን መልሱን የመናገር ግዴታ አለበት። አገር ተቀብሎ መልሱን ቢከለክል ወይም «እኔም አላውቀውም» ቢል፥ በማግሥቱ ከእርሱ ጋራ የሚጫወት አይገኝም። ጨዋታው የቆመው ከሁለቱ አንዱ መልሱን ያውቃል በሚል እምነት ላይ ነውና።

ከባሕር ማዶ እየተሠሩ በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ ወደየቤታችን ከሚገቡት ዘጋቢ ፊልሞች ብዙዎቹ ይህን ሕግ አፍርሰውታል። ያልተፈታ ምሥጢር እናሳያችኋለን ብለው ይጠሩናል። እኛም አንድ ሰዓት፥ ሁለት ሰዓት፥ ፊልሙ ተከታታይ የሆነ እንደ ሆነም ብዙ ሌሊት እንሰጣቸዋለን። በመጨረሻ ተራኪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እውነቱ ምናልባት ከቶ ሳይታወቅ ይቀር ይሆናል ይልና ዘፈኑ ይነሣል፤ የሠራተኞቹ ስም መውረድ ይጀምራል። ተመልካቹ ተቆጥቶ ይነሣል፤ ለምን እንደ ተቆጣ ግን በትክክል መናገር ይቸግረዋል። ያልተፈታ ነገር እንደሚያይ አስቀድሞ ስሙ ነግሮታልና፥ ተታለልሁ ብሎ ቢከስ መልስ ያጣል።

እኛ ግን ቁጣው እውነተኛ ምክንያት አለው እንላለን፤ ምክንያቱንም ከጥቂት ፊልሞች ላይ እየጠቀስን ልናሳይ እንወዳለን። ዓመቶቹን ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መጻፋችንን አንባቢው ያስተውልልን።

ለዚህ ዓይነት ሥራ እንደ አባት ሊቆጠር የሚገባው አፕሪል 21 ቀን 1986 በአሜሪካ የታየው «የአል ካፖን ግምጃ ቤት ምሥጢር» የተባለው ትርኢት ነው። አል ካፖን መጠጥ በሕግ ተከልክሎ በነበረበት ዘመን በሺካጎ ከተማ የገነነ የወንበዴ አለቃ ነበር። መንግሥት በደም ሊከሰው ማስረጃ ቢያጣ በ1931 ግብር ባለመክፈሉ አስፈረደበት፤ በ1947ም ሞተ። ይኖርበት የነበረው ሌክሲንግተን የተባለው ሆቴል ከብዙ ዘመን በኋላ ሲፈተሽ ከሥሩ በግንብ የተዘጋ ክፍል አለ ተባለ። ጄራልዶ ሪቬራ የሚባለው ጋዜጠኛም ይህ ክፍል በሕዝብ ፊት ይከፈታል ብሎ አወጀ። ትርኢቱ ሁለት ሰዓት ሆኖ ሥራው በሚሠራበት ሰዓት በቀጥታ የሚተላለፍ ነበር። ገንዘብ የተገኘ እንደ ሆነ የመንግሥትን ድርሻ የሚጠይቅ የግብር መሥሪያ ቤት ሹም፥ ሬሳ የተገኘ እንደ ሆነ የሚመረምር ሐኪም በስፍራው ቆመው ይጠብቁ ነበር። በቤቱ ሆኖ የተመለከተው ሕዝብ ሠላሳ ሚሊዮን ያህል ነው ተብሎ ተገምቷል።

ግንቡ በድማሚት ፈረሰ። ከውስጡም አፈር፥ ፍርስራሽና ጥቂት ባዶ ጠርሙሶች ተገኙ።

ይህ ታሪክ በአሜሪካ እስከ ዛሬ ድረስ መሣቂያ ነው፤ ብዙ ተጠርቶለት ባዶ ለወጣ ነገር ሁሉ መተረቻ ሆኗል። እኛ ግን በሪቬራ ላይ ከሚስቁት ጋራ ለመሳቅ አንቸኩልም። ስለ እርሱ ሁለት ነገር መናገር ይገባናል።

የመጀመሪያው እርሱን ይወቅሳል። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ሰው ግንብ ሲደበድብ ብቻ አልታየም። ስለ መጠጥ ክልከላው ሕግ፥ ስለ ሺካጎ ወንበዶችና ስለ ፖሊሶች ጉቦ፥ ካፖን እንዴት እንደ ወጣና እንዴት እንደ ወደቀ በየመካከሉ ይተረክ ነበር። ይህ ለብቻው ቢሠራ ጥሩ ትምህርት የሚሆን ታሪክ ነው፤ አንድ ሕግ መልካም አስቦ ወንበዴን እንዴት እንዳበለጸገ ያሳያልና። ነገር ግን ተመልካቹ ዐይኑን ከግንቡ ላይ አላነሣም፤ ታሪኩን የሰማው በር እስኪከፈት ድረስ በደጅ እንደ ቆመ ሰው ነው። በሩ ተከፍቶ ባዶ በሆነ ጊዜ ታሪኩም አብሮ ባዶ ሆነ። ዛሬ ያንን ትርኢት የሚያስታውስ ሁሉ ጠርሙሱን ያስታውሳል እንጂ ስለ ክልከላው ሕግ የተማረውን የሚናገር የለም። ሊፈጸም የማይችል ተስፋ በመልካም ትረካ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዲህ ያለ ነው፤ የራሱን ዋጋ ማጣቱ ሳያንስ አጠገቡ የቆመውንም ይበላል።

ሁለተኛው ግን ይደግፈዋል። ሪቬራ በግንቡ ውስጥ ያለውን አላወቀም ነበር። እኛም አላወቅንም። ከእኛ ጋራ ጠበቀ፥ ከእኛ ጋራ አፈረ። በሩንም በዐይናችን ፊት ከፈተው። እንቆቅልሹን የጠየቀው መልሱን ሳያውቅ ነው፤ ይህ ስሕተት ነው፤ ነገር ግን አላውቅም የሚለውን እያወቀ አልሸሸገም።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ከዚያች ሌሊት የተማሩት ሌላ ነገር ይመስላል። ግምጃ ቤቱ ባዶ ቢሆንም ሕዝቡ እስከ መጨረሻው ተቀምጧል፤ ማስታወቂያውም ተሽጧል። እንግዲህ ጉዳቱ የመጣው በሩ ከመከፈቱ ነው፤ በሩ ባይከፈትስ? በካናዳ በኖቫ ስኮሺያ አጠገብ ኦክ የምትባል ደሴት አለች። በዚያ ከ1795 ጀምሮ ሀብት ተቀብሯል እየተባለ ይቈፈራል፤ በቍፋሮውም የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ በ1965 ብቻ አራት ሰዎች በአንድ ቀን ሞተዋል። ከ1914 አይደለም፥ ከ2014 ጀምሮ ነው ሁለት ወንድማማቾች በዚያች ደሴት ሲቈፍሩ የሚያሳይ ተከታታይ የቴሌቪዥን ሥራ የሚታየው፤ ያን ጊዜ የተወለደ ሕፃን ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቶ ብዙ ክፍል አልፏል። በየጊዜው እንጨት ይወጣል፥ የዛገ ብረት ይወጣል፥ ሳንቲም ይወጣል። ሀብቱ ግን ሁልጊዜ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው ያለው። በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

ይልቁን የእነዚህን ፊልሞች አነጋገር መመርመር ይጠቅማል። ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ተራኪው እምብዛም አያረጋግጥም፥ ይጠይቃል። «ሀብቱ እዚህ ተቀብሮ ይሆን? ይህ ምልክት የእነዚያ መነኮሳት ምልክት ሊሆን ይችላል? መንግሥት የሚሸሽገው ነገር ይኖር ይሆን?» ይላል። ጥያቄ የጠየቀ ሰው ዋሸህ ተብሎ ሸንጎ አይቆምም፤ ስለዚህ «ይሆን» የምትባለው ቃል ለአዘጋጁ ከጠበቃ ይልቅ ትጠቅመዋለች። ተመልካቹ ግን «ይሆን» የተባለውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ነው» አድርጎ ይዞት ይገኛል። ከማስታወቂያ በፊት በጥያቄ የተጠየቀው ከማስታወቂያ በኋላ እንደ ታወቀ ነገር ተቈጥሮ ሌላ ጥያቄ ይደረብበታል። በመካከሉ ከበሮው ይመታል፤ ፊታቸው የማይታይ ተዋንያን በጭጋግ ውስጥ ይመላለሳሉ፤ የአርባ ደቂቃው ፊልም ቢጨመቅ የሚወጣው ነገር በአንድ የጋዜጣ ዓምድ የሚጻፍ ነው።

እዚህ ላይ ከአንባቢዎቻችን ወገን የአብነት ትምህርት የተማሩት ሊጠይቁን ይችላሉ። ብዙ ሐሳብ ማቅረብ ምን ነውር አለው? የእኛስ ሊቃውንት አንዱን ቃል «አንድም፥ አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ አይተረጕሙትምን? በእውነቱ በአንድምታ ያደገ ሰው የሐሳብ ብዛት አያስደነግጠውም፤ ያልተዘጋ ነገርንም በትዕግሥት መያዝ ያውቃል። ነገር ግን በአንድምታ እያንዳንዱ «አንድም» የሚቆመው በአንዱ ንባብ ላይ ነው። ንባቡ አይለወጥም፤ የሚመጣው ትርጓሜ ንባቡን አይሰርዝም፤ መምህሩም ከማን እንደ ተቀበለው ይታወቃል። ፊልሞቹ ግን «አንድም» እያሉ የሚፍቁት ንባቡን ራሱን ነው።

ይህን በጣም የሚያስረዳው የማሌዢያ አውሮፕላን ነገር ነው። ማርች 8 ቀን 2014 ከኳላ ሉምፑር ወደ ፔኪንግ ሲበር የነበረው ኤም ኤች 370 የሚባለው አውሮፕላን 239 ሰዎች እንደ ያዘ ጠፋ። ልክ በዘጠነኛው ዓመት፥ ማርች 8 ቀን 2023፥ ኔትፍሊክስ የሚባለው ድርጅት ስለዚሁ አውሮፕላን ሦስት ክፍል ያለው ፊልም አወጣ። በመጀመሪያው ክፍል አብራሪው ራሱ ሆን ብሎ አጠፋው የሚለው ሐሳብ ይቀርባል። በሁለተኛው ክፍል አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ አውሮፕላኑን ሩስያውያን ጠልፈው ወደ ሰሜን ወሰዱት ይላል። በሦስተኛው አንዲት ፈረንሳያዊት ጋዜጠኛ አውሮፕላኑ ሕንድ ውቅያኖስ ሳይደርስ በአሜሪካ ወታደሮች እጅ በደቡብ ቻይና ባሕር ጠፋ ትላለች። ሦስቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም፤ ፊልሙም አይመዝናቸውም።

እስቲ በዚህ ነገር ንባቡ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። አውሮፕላኑ ከመንገዱ ተመልሶ የማሌዢያን ምድር ወደ ምዕራብ ማቋረጡ በጦር ሠራዊት ራዳር ታይቷል። ከዚያ በኋላ በሰማይ ከምትዞር ሳተላይት ጋራ ለብዙ ሰዓት ምልክት ሲለዋወጥ ቆይቷል፤ ከምልክቱም ስሌት የተነሣ ወደ ደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ እንደ ሄደ ታወቀ። በጁላይ 2015 ከክንፉ ላይ የተለየ አንድ ክፍል በሬዩኒዮን ደሴት ዳርቻ ተገኘ፤ የፈረንሳይ መርማሪዎችም የዚያው አውሮፕላን መሆኑን አረጋገጡ። ሌሎች ስብርባሪዎች እስከ ሞዛምቢክና እስከ ታንዛንያ ዳርቻ ድረስ ማዕበል አውጥቷቸዋል። ከባሕሩ ወለል 120,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ተፈትሾ ምንም ሳይገኝ ፍለጋው በጃኑዋሪ 2017 ተቋረጠ። እንግዲህ ማወቅ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። ወዲህ የታወቀ አለ፥ ወዲያ ያልታወቀ አለ፥ በመካከላቸውም ወሰን አለ።

የሁለተኛውና የሦስተኛው ክፍል ሐሳብ ሊቆም የሚችለው ይህ ወሰን ሲፈርስ ብቻ ነው። የሳተላይቱ ምልክት ተጭበርብሮ ይሆን? የተገኘውን ስብርባሪ ሰው አምጥቶ ጥሎት ይሆን? ተብሎ መጠየቅ አለበት፤ ይጠየቃልም። ፊልሙን ጨርሶ የተነሣው ተመልካች ሲቀመጥ ያውቀው ከነበረው ያነሰ ያውቃል። አለማወቁ ባልከፋ፤ የሰው ልጅ የማያውቀው ብዙ ነው። የከፋው ከወሰኑ ወዲህ ያለውን ከወሰኑ ወዲያ ካለው ጋራ አንድ አድርጎ በጥርጣሬ ማየት መልመዱ ነው። ለቁጣችን ምክንያቱ ይህ ነው ባይ ነን፤ መልስ አለመገኘቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አንቈጣም ነበር። አዘጋጁ የማወቅ ወሰን የት እንደ ሆነ በመጀመሪያው ደቂቃ ያውቅ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ግን ሸሸገን፤ መሸሸጉንም ምሥጢር ብሎ ሸጠልን።

በዚህ ነገር ውስጥ ከእኛ ከተመልካቾቹ የበለጠ የተጐዳ ወገንም አለ። ከእነዚያ 239 ሰዎች እያንዳንዱ እናት፥ ሚስት፥ ልጅ አለው። ሬሳ ያላገኘ ሰው ልቅሶው እንዴት እንደሚከብድ በሀገራችን ማስረዳት አያስፈልግም፤ በጦር ሜዳ የቀረ ዘመድ ያለው ቤት ሁሉ ያውቀዋል። እንዲህ ላለ ሰው «ጠልፈውት ወደ ሰሜን ወስደውት ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ለሌላው የማታ ጨዋታ ነው፤ ለእርሱ ግን በር ሥር እንደሚገባ ብርሃን ነው፤ ሌሊቱን ሁሉ ሲያየው ያድራል። ፊልሙ የሟቾቹን ዘመዶች አቅርቦ አናግሯል፤ ያ ክፍሉ ልብ የሚነካና በጥንቃቄ የተሠራ መሆኑን እንመሰክራለን። ነገር ግን የእነርሱን እንባ አሳይቶ ወዲያው ወደ ጠለፋው ወሬ መሻገሩን በምን ስም እንጠራዋለን?

ከዚህ ፊልም አጠገብ ሌላ ጽሑፍ ብናስቀምጥ ልዩነቱ ይገለጣል። ጁላይ 30 ቀን 2018 የማሌዢያ መንግሥት ያቆማቸው መርማሪዎች 495 ገጽ ያለው መግለጫ አወጡ። መግለጫው ደረቅ ነው፤ ከበሮ የለውም፤ ፍጻሜውም አውሮፕላኑ የጠፋበትን እውነተኛ ምክንያት ለመወሰን አልቻልንም የሚል ነው። አውሮፕላኑ በሰው እጅ ከመንገዱ እንደ ተመለሰ፥ የሌላ ሰው እጅ ገብቶበት ሊሆን እንደሚችል፥ ስብርባሪው ሳይገኝ ግን ማን እንዳደረገው መናገር እንደማይቻል ይገልጻል። የመንግሥት ሠራተኞች የት የት ላይ እንደ ተሳሳቱም ይዘረዝራል። ዘመዶቹ በዚህ አልተጽናኑም፤ ብዙዎቹ አዝነዋል፥ ተቈጥተዋልም። ይህ ኀዘን ግን እውነት ከራሷ የሚመጣ ኀዘን ነው፤ ማንም ነጋዴ አልሠራውም። መልስ በማጣት ረገድ መግለጫውና ፊልሙ እኩል ናቸው። መግለጫው ግን አንባቢውን እስከ ወሰኑ ድረስ እጁን ይዞ ያደርሰውና ከዚህ ወዲያ መሄድ አልቻልሁም ይለዋል።

ወሰኑን የመሸሸግ ልማድ አዘጋጁን ራሱን እንዴት እንደሚያዋርደው ያየነው በ2017 ነው። አሜልያ ኤርሃርት የተባለችው አሜሪካዊት አብራሪ ዓለምን ለመዞር ተነሥታ ጁላይ 2 ቀን 1937 ከመንገድ መሪዋ ከፍሬድ ኑናን ጋራ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ጠፍታለች። ሂስቶሪ የሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጁላይ 9 ቀን 2017 ባሳየው ፊልም ከመንግሥት ቤተ መዛግብት የተገኘ አንድ ፎቶግራፍ አቀረበ። ጀርባዋን ሰጥታ በወደብ ዳር የተቀመጠችው ሴት ኤርሃርት ናት፥ አጠገቡ የቆመው ኑናን ነው፥ ጃፓኖች ማርከዋቸው ነበር ተባለ። የፊት ቅርጽ የሚያውቁ ሊቃውንት ተጠርተው ጠጕርና ትከሻ ተለካ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ አንድ የጃፓን የጦር ታሪክ ጸሐፊ ያንኑ ፎቶግራፍ በሀገሩ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ባለ የጕዞ መጽሐፍ ውስጥ አገኘው። መጽሐፉ የታተመው በኦክቶበር 1935 ነው፤ ኤርሃርት ከመጥፋቷ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። ለፍለጋው የፈጀበት ጊዜም ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ነበረ ራሱ ተናግሯል።

አዘጋጆቹ ያን ግማሽ ሰዓት ስለ ምን አልሰጡትም ብለን ልባቸውን ልንመረምር አንችልም። የአሠራሩን ጠባይ ግን ማየት እንችላለን። ምሥጢርን የሚሸጥ ሥራ ምሥጢሩ የተፈታ ዕለት ሱቁ ይዘጋል። እንዲህ ባለ ሥራ ፎቶግራፉን በጥብቅ መመርመር ትርፍ የለውም፤ ኪሳራ ግን አለው። ፈላጊው ማግኘትን የሚፈራበት ፍለጋ በሌላ የሥራ መስክ እምብዛም አይገኝም።

የሀገራችን ስም በእነዚህ ፊልሞች ዘንድ እንግዳ አይደለም። የኪዳኑ ታቦት የት እንዳለ እንፈልጋለን እያሉ በየጊዜው ወደ አክሱም ጽዮን የሚመጡት የባሕር ማዶ ሰዎች ፊልማቸውን የሚሠሩት በዚሁ መልክ ነው። ከኢየሩሳሌም ተነሥተው ብዙ ይዞራሉ፤ በመጨረሻ በአክሱም ከአጥሩ ውጭ ቆመው ቤተ መቅደሱን በሩቅ ያነሣሉ፤ ጠባቂው አባት ገብቶ ማየት እንደማይፈቀድ ይነግሯቸዋል፤ ተራኪውም ምሥጢሩ ሳይፈታ ቀረ ብሎ ይዘጋል። ይህን ፊልም ከአክሱም ምእመናን አንዱ ቢያየው ፍጻሜውን ከመጀመሪያው ያውቀዋል፤ ከጠባቂው በቀር ማንም እንደማይገባ በሀገሩ ሕፃን ሳይቀር ያውቃልና። አዘጋጁም አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ያውቀው ነበር። በግዕዝና በአማርኛ ምሥጢር የሚለው ቃል ሁለት ፊት ያለው መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። አንዱ ገና ያልተደረሰበት ነገር ነው፤ ሁለተኛው በክብር የተሰወረ፥ እንዲገለጥም የማይጠየቅ ነገር ነው። ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው ቈጥሮ የፖሊስ ምርመራ ማስመሰል፥ ከዚያም አልተፈታም ብሎ ማዘን፥ የቃሉን ትርጕም አለመለየት ነው። ታሪኩን ለመንገር የፈለገ ሰው ግን የሚነግረው አያጣም፤ ንግሡ፥ ማሕሌቱ፥ ጠባቂው አባት እስከ ዕለተ ሞታቸው ከግቢው ሳይወጡ የሚኖሩት ኑሮ አለ። ይህን ሁሉ በር እስኪከፈት ድረስ እንደ ማቆያ ሲጠቀሙበት ማየት ያሳዝናል።

እንግዲህ ያልተፈታ ነገር በፊልም አይነገር ልንል ነውን? አይደለም። በ1987 በአሜሪካ የተጀመረው «ያልተፈቱ ምሥጢሮች» የተባለው ሥራ ስሙ እንደ ሌሎቹ ነው፤ ሮበርት ስታክ የሚባለው ተዋናይ ረጅም ካፖርት ለብሶ በጭጋግ ውስጥ ቆሞ ይተርክ ነበር፤ ከበሮም ነበረው። ነገር ግን ከየታሪኩ ፍጻሜ ላይ የስልክ ቍጥር አውጥቶ የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲናገር ይለምናል። በተመልካቾች ጥቆማም የተያዙ ወንጀለኞች፥ ከዘመዶቻቸው ጋራ የተገናኙ ጠፊዎች ነበሩ፤ ይህም በተከታዩ ጊዜ ይነገር ነበር። አገሩን የወሰደው ጠያቂ መልሱን ባያውቅም «ኑ አብረን እንፈልገው» ብሏል፤ አለማወቁም ሥራ አገኘ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ኤሮል ሞሪስ በ1988 ያወጣው «ቀጭኑ ሰማያዊ መስመር» የተባለው ፊልም ነው። ሞሪስ ወደ ቴክሳስ የሄደው ለሌላ ጕዳይ ነበር፤ የሞት ፍርድ በሚፈረድባቸው ሰዎች ላይ እየቀረበ ስለሚመሰክር አንድ የአእምሮ ሐኪም ፊልም ሊሠራ አስቦ ነበር። በዚያ ራንደል ዴል አዳምስ ከተባለ እስረኛ ጋራ ተገናኘ። አዳምስ በ1976 በዳላስ ከተማ አንድ ፖሊስ ገድለሃል ተብሎ ሞት ተፈርዶበት፥ ፍርዱ በ1980 ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጦለት፥ አልገደልሁም እያለ የሚኖር ሰው ነው። ሞሪስ ቀድሞ የግል መርማሪ ሆኖ ሠርቶ ነበርና የፍርዱን መዝገብ አገላበጠ፥ ምስክሮቹን አንድ በአንድ ፈልጎ አናገረ።

ይህም ፊልም ዛሬ በየቦታው የምናየውን ተዋንያንን በጨለማ የማሠራት ዘዴ ይዟል፤ እንዲያውም ብዙዎች ከእርሱ ነው የቀዱት። ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። ሞሪስ የግድያውን ሌሊት ደጋግሞ ያሳያል፤ እያንዳንዱ ጊዜ ግን አንዱ ምስክር እንዳለው አድርጎ ነው። ከመኪናው የተወረወረ የመጠጥ ጽዋ በአየር ላይ ቀስ ብሎ ሲወድቅ እናያለን፤ ጌጥ ይመስላል፤ ቈይቶ ግን ጽዋው የወደቀበት ስፍራ የሟቹ ጓደኛ የሰጠችውን ቃል እንደሚያጠራጥር እንረዳለን። ሥዕሉ የሚደጋገመው ጭጋግ ለመጨመር ሳይሆን የምስክሮቹ ቃል እርስ በርሱ አለመስማማቱን ለማሳየት ነው። ተመልካቹ የሚያየው ንባቡ ሲፋቅ አይደለም፤ ንባቡ ላይ የተጻፈበት ሐሰት ሲፋቅ ነው።

ሞሪስ ዋናውን ቃል ሊቀበል በሄደበት ቀን ካሜራው ተበላሸበት። ያ ቃል በአዳምስ ላይ የመሰከረው ሰው፥ አዳምስ ንጹሕ መሆኑን እንደሚያውቅ የሰጠው ቃል ነው። በእጁ የነበረው ድምፅ መቅረጫ ብቻ ነበር። ስለዚህ በፊልሙ መጨረሻ ላይ የሚታየው በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ትንሽ የካሴት መቅረጫ ነው፤ ከበሮም ተዋናይም የለም፤ ክሩ ይዞራል፥ አንድ ሰው በዝግታ ይናገራል። አዳምስ በማርች 1989 ከወኅኒ ወጣ።